ደም ስለ ልብ ምን ይመሰክራል?

መግቢያ

ባለፈው የትምህርት ዘመን በማሠልጠኛ ተቋማችን ስለ ደም ዝውውር ስናስተምር፣ ከዕጩ መምህራኑ አንዱ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ አቀረበልን። አባቱ የልብ ድካም እንዳለባቸው ሐኪም ነግሯቸዋል። ደማቸውም ተመርምሮ የአንድ ንጥረ ነገር መጠን ከተገቢው በላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። «ታዲያ ይህ ቁጥር አባቴ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀራቸው ይናገራል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም በዚያ ሰዓት የሰጠነው መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር።

በኋላ ጉዳዩን በመጻሕፍት ስንመረምር፣ ጥያቄው የአንድ ልጅ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። ሐኪሞች ይህንኑ ሲጠይቁ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። መልሱም ቀስ በቀስ ከዓይን ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ደም ተሸጋግሯል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ጉዞ ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ፣ እግረ መንገዱንም ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

በዓይንና በጣት የሚመረመርበት ዘመን

በቅድሚያ የልብ ድካም ምን እንደሆነ ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። የልብ ድካም ማለት ልብ መምታቱን አቆመ ማለት አይደለም። ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ያህል ደም መግፋት ሲያቅተው፣ ወይም ይህን የሚያደርገው ከመጠን በላይ ተጨንቆ ሲሆን የሚከሰት ሁኔታ ነው። ደም ወደፊት በሚገባ ካልተገፋ ወደኋላ ይጠራቀማል፤ ኩላሊትም ጨውና ውሃ መያዝ ይጀምራል። በዚህም ምክንያት እግር ያብጣል፣ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ በሽተኛው በጀርባው መተኛት ያቅተውና ትራስ ደራርቦ ቁጭ ብሎ ያድራል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም በሰውነት ውስጥ እየዞረ እንደሚመለስና የሚገፋውም ልብ መሆኑን አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ልብ ደም የሚገፋ ጡንቻ ነው የሚለው ትምህርት ጸንቶ ኖረ። ሌላው እንግሊዛዊ ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ደግሞ በ1775 የአንዲት አሮጊት የቤተሰብ መድኃኒት እንዲመረምር ቀረበለት። መድኃኒቱ ከሃያ በላይ ዕፅዋት የተቀላቀሉበት ሲሆን፣ እብጠትን ያጎድላል ይባል ነበር። ዊዘሪንግ የሚሠራው ተክል ዲጂታሊስ መሆኑን ለይቶ ለአሥር ዓመታት ያህል ከሞከረው በኋላ በ1785 መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የዳኑትን ብቻ ሳይሆን ያልዳኑትንም በሽተኞች ታሪክ መዝግቧል፤ መጠኑ ሲበዛ መርዝ እንደሚሆንም አስጠንቅቋል። ይሁን እንጂ የትኛው በሽተኛ እንደሚድን አስቀድሞ የሚያውቅበት መሣሪያ አልነበረውም። የሚያየው የእግሩን እብጠት፣ የሚዳስሰው የደም ሥሩን ምት፣ የሚለካው የሽንቱን መጠን ነበር።

በ1928 የኒው ዮርክ የልብ ማኅበር በሽተኞችን በአራት ደረጃ የሚከፍል ዘዴ አወጣ። መመዘኛው ቀላል ነው። በተለመደ ሥራ የማይደክመው በሽተኛ በአንደኛው፣ ቁጭ ብሎም የሚተነፍሰው አየር የሚያጥረው በአራተኛው ደረጃ ይመደባል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጉድለቱ ግን በሽተኛው በሚናገረውና ሐኪሙ በሚገምተው ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው።

በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ በ1948 የተጀመረው የረጅም ጊዜ ጥናት፣ የበሽታውን ክብደት በቁጥር አሳየ። በ1971 በወጣው ውጤት መሠረት፣ የልብ ድካም ከያዛቸው ወንዶች ከመቶ 62ቱ፣ ከሴቶችም ከመቶ 42ቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር። እንግዲህ ማን ቶሎ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ለይቶ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ልብ ዕጢም ጭምር ሆኖ ሲገኝ

በ1950ዎቹ ዓመታት ሁለት ነገሮች በተለያየ ቦታ ታዩ። የመጀመሪያው በ1956 ሄንሪና ጋወር የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት ሙከራ ነው። በውሻ የላይኛው ግራ የልብ ክፍል ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብተው ሲነፉት፣ የውሻው ሽንት በዛ። የልብ ግድግዳ መወጠር በኩላሊት ሥራ ላይ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ብሩኖ ኪሽ በዚያው ዓመት ገደማ ያየው ነው። ኪሽ የልብን የላይኛ ክፍሎች ጡንቻ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ በሴሎቹ ውስጥ ጥቃቅን ድብልብል ነገሮች አገኘ። በ1964 ጄሚሰንና ጆርጅ ፓላዴ እነዚህን ነገሮች በሰፊው አጥንተው፣ ሆርሞን በሚያመነጩ ዕጢዎች ውስጥ ከሚገኙት ጋር እንደሚመሳሰሉ ገለጹ። በታችኞቹ የልብ ክፍሎች ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ጡንቻ የሆነ አካል የዕጢ ዕቃ ምን ያደርግለታል? ጥያቄው ለብዙ ዓመታት መልስ ሳያገኝ ቆየ።

መልሱን ያገኘው በአርጀንቲና ተወልዶ በ1968 ወደ ካናዳ የሄደው አዶልፎ ደ ቦልድ ነው። በኪንግስተን ከተማ በኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ የድብልብሎቹ ብዛት በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃና ጨው ሲለዋወጥ አብሮ እንደሚለዋወጥ ተገነዘበ። ከዚያም ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ቀላል ሙከራ አደረገ። የአይጦችን የላይኛ የልብ ክፍሎች ፈጭተው ጭማቂውን ወደ ሌሎች አይጦች ደም ሥር ወጉ። ለማነጻጸሪያም የታችኛውን የልብ ክፍል ጭማቂ ለሌሎች ሰጡ። በ1981 የታተመው ውጤት አስደናቂ ነበር። የላይኛውን ክፍል ጭማቂ ባገኙት አይጦች፣ በሽንት የሚወጣው ሶዲየም ከሠላሳ እጥፍ በላይ፣ የሽንቱ መጠን አሥር እጥፍ ጨመረ፤ የደም ግፊታቸውም ዝቅ አለ። የታችኛውን ያገኙት ላይ ይህ ለውጥ አልታየም።

ከዚህ ሙከራ የተገኘው ትምህርት ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ነው። ከሃርቪ ጀምሮ ሲነገር የኖረው ነገር ስሕተት አልነበረም፤ ያልተሟላ ነበር እንጂ። ልብ ደም ይገፋል፤ በተጨማሪም ወደ ኩላሊትና ወደ ደም ሥሮች መልእክት ይልካል።

የመልእክቱ ፊደል ሲነበብ

በ1984 የጃፓን ተመራማሪዎች ካንጋዋና ማትሱኦ የሰውን ሆርሞን አሠራር ለይተው፣ ከ28 አሚኖ አሲዶች የተገነባ መሆኑን አሳዩ። ይህ ኤ.ኤን.ፒ. የሚባለው ነው። በ1988 ደግሞ የእነዚሁ ሰዎች ቡድን ከአሳማ አንጎል ውስጥ ተመሳሳይ ሆርሞን አገኘ። ከአንጎል ስለተገኘም በእንግሊዝኛ የአንጎልን ስም የያዘ መጠሪያ ወጣለት፤ በአጭሩ ቢ.ኤን.ፒ. ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ግን ሆርሞኑ በብዛት የሚመነጨው ከልብ፣ በተለይም ከታችኞቹ የልብ ክፍሎች መሆኑ ታወቀ። ስሙ ግን አልተለወጠም። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያ ግምት ስም ሆኖ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የልብ ግድግዳ ሲወጠር ሴሎቹ 108 አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ፕሮቲን ይሠራሉ። ፕሮቲኑ ለሁለት ይቆረጣል። ባለ 32 አሚኖ አሲዱ ክፍል ሥራ የሚሠራው ሆርሞን ቢ.ኤን.ፒ. ነው፤ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወግድ፣ ደም ሥሮችም እንዲላሉ ያደርጋል። ባለ 76ቱ ቁራጭ ኤን.ቲ.-ፕሮ-ቢ.ኤን.ፒ. ሲባል፣ የታወቀ ሥራ ባይኖረውም በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ለመለካት ይመቻል።

ነገሩን ለተማሪዎች ለማስረዳት የገጠሩን ኡኡታ መጥቀስ ይቻላል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ኡኡ ሲል ጎረቤት ይሰማል። እሳቱ በበረታ መጠን ጩኸቱም ይበረታል። በደም ውስጥ የሚገኘው ቢ.ኤን.ፒ. የተወጠረው ልብ የድረሱልኝ ጥሪ ነው። ጥሪው እያለ በሽተኛው የሚታመመው ስለምንድን ነው ቢባል፣ ጨውና ውሃ እንዲያዝ፣ ደም ሥርም እንዲጠብብ የሚያዙ ሌሎች ሆርሞኖች በዚያው ጊዜ ስለሚያይሉበት ነው።

በ2000 በአሜሪካ ይህን ሆርሞን በበሽተኛው አጠገብ በሩብ ሰዓት ያህል የሚለካ መሣሪያ ፈቃድ አገኘ። በ2002 በታተመ ጥናት፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 1586 ሰዎች ተመረመሩ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 100 ፒኮግራም እንደ ወሰን ተወስዶ፣ ሕመሙ የልብ ድካም መሆን አለመሆኑን ከመቶ 83 ጊዜ ያህል በትክክል ለመለየት ተቻለ። አስም ነው ወይስ ልብ የሚለው የቆየ ጭንቀት በብዙው ተቃለለ።

ቁጥር ስለ ነገ ሲናገር

ሕመሙን መለየት አንድ ነገር ነው፤ መጪውን መተንበይ ሌላ ነው። በትንበያው በኩል ፈር የቀደደው በ1984 በአሜሪካ በሚኒሶታ በጄይ ኮን የተመራው ጥናት ነው። በ106 የልብ ድካም በሽተኞች ደም ውስጥ ያለው ኖርአድሬናሊን የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ተለካ። መጠኑ ከፍ ያለባቸው ሰዎች ፈጥነው ሲሞቱ ታየ። የልብን ሥራ በቀጥታ ከሚለኩት መመዘኛዎች ይልቅ ይህ የደም ምርመራ የተሻለ ምስክር ሆነ።

በ2003 ደግሞ ከአራት ሺህ በላይ በሽተኞችን የያዘ አንድ ትልቅ የመድኃኒት ሙከራ መዝገብ ተመረመረ። በሽተኞቹ በመጀመሪያ በተለካው የቢ.ኤን.ፒ. መጠናቸው በአራት እኩል ቡድን ተከፈሉ። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ በሆነ ክትትል፣ ዝቅተኛ መጠን ካላቸው ከመቶ 9.7፣ ከሁለተኛው ቡድን 14.3፣ ከሦስተኛው 20.7፣ ከፍተኛ መጠን ካላቸው 32.4 ሞቱ። ደረጃው እንደ መሰላል የተስተካከለ ነው። ከኖርአድሬናሊንም ይልቅ ቢ.ኤን.ፒ. የተሻለ ተንባይ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቁጥሩን ከሌላው ወገን ማንበብ ይገባል። እጅግ አስጊ ከተባለው ቡድን ከመቶ 32ቱ ሞቱ ማለት፣ 68 ያህሉ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ዝቅተኛ መጠን ካላቸውም ቢሆን ከመቶ ወደ 10 የሚጠጉት ሞተዋል። አንድ ሰው ከአራተኛው ቡድን ወጥቶ ፊታችን ቢቆም፣ ከ32ቱ ይሁን ከ68ቱ ቁጥሩ ሊነግረን አይችልም። ቁጥሩ ስለ ብዙ ሰዎች እውነት ይናገራል፤ ስለ አንድ ሰው የሚሰጠው ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ትንበያው የፈረሰበት ጊዜ

ከዚህም የበለጠ ነገር አለ። በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ በአራተኛ ደረጃ የነበሩ 253 በሽተኞች የተካፈሉበት ሙከራ በ1987 ታተመ። ግማሾቹ ኢናላፕሪል የተባለ መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ኪኒን ወሰዱ። በስድስት ወር ውስጥ አምሳያውን ከወሰዱት ከመቶ 44ቱ ሲሞቱ፣ ኢናላፕሪል ከወሰዱት የሞቱት 26ቱ ናቸው። በ1990 የእነዚሁ ሰዎች የደም ምርመራ ውጤት ሲወጣ፣ አምሳያውን በወሰዱት ዘንድ የሆርሞኖቹ ከፍታ ሞትን በግልጽ ይተነብይ ነበር። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ግን ትንበያው ጉልህ ሆኖ አልተገኘም። በመድኃኒቱ ይበልጥ የተጠቀሙትም ሆርሞናቸው ከፍ ብሎ የነበሩት ናቸው። በሌላ አነጋገር ጎረቤት በጊዜው ደረሰ፤ ጩኸቱ የተናገረው ጥፋትም ቀነሰ።

በተቃራኒው ቁጥሩን ብቻ ማውረድ እንደማይበቃ የሚያሳይ አሳዛኝ ታሪክም አለ። ኖርአድሬናሊን ገዳይ ምልክት ከሆነ፣ እሱን የሚቀንስ መድኃኒት ሕይወት ያድናል ተብሎ ታሰበ። ሞክሶኒዲን የተባለው መድኃኒት በብዙ በሽተኞች ላይ ሲሞከር የሆርሞኑ መጠን በእርግጥ ወረደ። ነገር ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 54፣ አምሳያውን ከወሰዱት 32 ሰዎች ሞተው በመገኘታቸው ሙከራው ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ጩኸቱ ቀነሰ፤ እሳቱ ግን አልጠፋም።

ልብን ከኖርአድሬናሊን ጉዳት የሚከላከሉት ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። በ1975 በስዊድን በጎተንበርግ ከተማ ዋግስታይንና ባልደረቦቹ ለሰባት በሽተኞች በጥንቃቄ ሰጥተው ለውጥ ሲያዩ፣ ብዙ ሐኪሞች አላመኑም። የደከመን ልብ በሚያዘገይ መድኃኒት ማከም የተሳሳተ ነገር መስሎ ይታይ ነበርና። በ1999 የታተመ፣ 2647 ሰዎች የተካፈሉበት ሙከራ ግን የሞቱን መጠን ከመቶ 17.3 ወደ 11.8 ዝቅ አድርጎ አሳየ።

ሐኪሞች መድኃኒት የሚሰጡት ቁጥሩን እየተከተሉ ቢሆን ይሻል እንደሆነም ተሞክሯል። በአሜሪካና በካናዳ 894 በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት በ2017 ሲታተም፣ ቁጥሩን ተከትለው የታከሙትና በተለመደው መንገድ በሚገባ የታከሙት ውጤታቸው እኩል ሆነ፤ በሁለቱም ወገን ከመቶ 37ቱ ለሞት ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል ለመተኛት ተዳረጉ። ዋናው ነገር ተገቢው ሕክምና መሰጠቱ ነው።

የሚለካውንም ነገር በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ኩላሊት ሲታመምና ዕድሜ ሲገፋ ቢ.ኤን.ፒ. ከፍ ይላል፤ በወፍራም ሰዎች ዘንድ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በ2014 ከስምንት ሺህ በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ሙከራ ጠቃሚነቱን ያረጋገጠለት ሳኩቢትሪል ያለበት መድኃኒት ደግሞ፣ ሆርሞኑን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚገታ ቢ.ኤን.ፒ.ን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የሚያየው ሌላኛውን ቁራጭ፣ ኤን.ቲ.-ፕሮ-ቢ.ኤን.ፒ.ን ነው።

በእኛ አካባቢ

ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ሱዳንንና ኡጋንዳን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 1006 የልብ ድካም በሽተኞችን የመዘገበ ጥናት በ2012 ታትሟል። የበሽተኞቹ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ በሽታው በብዛት የሚታየው በ70ዎቹ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ነው። በእኛ አህጉር ግን ገና ቤተሰብ በሚያስተዳድሩ ሰዎች ላይ ይበረታል። ዋናው መነሻ የደም ግፊት ሲሆን ከመቶ 45ቱን ይይዛል። ሪዩማቲክ የልብ ሕመም ደግሞ ከመቶ 14ቱን ይሸፍናል። በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ 18 ያህሉ ሞተዋል።

የደም ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን ከምርመራው በፊት ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ፤ ይህም መምህራንን ይመለከታል። ሪዩማቲክ የልብ ሕመም የሚጀምረው በልጅነት፣ በወቅቱ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ቶንሲል የሚመላለስበትን፣ ከዚያም መገጣጠሚያው እያበጠ የሚያነክስን ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይገባል። እንጥል ማስቆረጥ መድኃኒት አይደለም፤ ፔኒሲሊን ግን ነው። ሕመሙ አንዴ የነካው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ እንዳያቋርጥ መምህሩ ቢያስታውሰው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚለካውን ቁጥር ከወዲሁ ዝቅ አደረገው ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ለዚያ ዕጩ መምህር ዛሬ የምንሰጠው መልስ እንዲህ ነው። የአባትህ ቁጥር ዕድሜያቸውን አይናገርም። ልባቸው መጨነቁንና እርዳታ መፈለጉን ይናገራል። ከቁጥሩ በኋላ የሚሆነው ነገር መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ በመውሰዳቸው፣ ጨው በመቀነሳቸው፣ እግራቸው ሲያብጥ ወይም ክብደታቸው በድንገት ሲጨምር ፈጥነው ሐኪም ዘንድ በመሄዳቸው ላይ ብዙ ይወሰናል። ኡኡታውን የሰማ ጎረቤት «ይህ ቤት ያልቅለታል» ብሎ አይቀመጥም፤ እንስራውን ይዞ ይሮጣል።

እኛ መምህራንም በየወሩ ለተማሪዎቻችን ቁጥር እንሰጣለን። በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ 20 ያገኘውን ልጅ መጨረሻው ታውቋል ብለን የምንተወው ከሆነ፣ ትንበያችን እውነት ይሆናል፤ እውነት የሚሆነው ግን ስለተውነው ነው። ቁጥር ማን ቀድሞ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ያሳያል። እርዳታው የእኛ ፈንታ ነው።

ለክፍል ውይይት

1. የደ ቦልድ ሙከራ ያለ ታችኛው የልብ ክፍል ጭማቂ ቢካሄድ ኖሮ ውጤቱ ለምን አያሳምንም ነበር?

2. ከአራቱ ቡድኖች በእያንዳንዱ 200 ሰዎች ቢኖሩ፣ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በሕይወት የሚቆዩት ከየቡድኑ ስንት ይሆናሉ? ውጤቱ ስለ አንዱ ሰው ምን ይነግረናል?

3. የሞክሶኒዲን ታሪክ ምልክትን በማውረድና በሽታን በማከም መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት ያሳያል? ከትምህርት ቤት ሕይወት ተመሳሳይ ምሳሌ ስጡ።